ዓሣ አጥምጄ አላውቅም፤ ከአለቆቼ ጋር ወደ ሳልመን ወንዝ ልሂድ?

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በአንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመርሁ ዓመት ያልሞላኝ ባለሙያ ነኝ። የክፍላችን ኃላፊዎችና አንጋፋ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ሳልመን የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ለሦስት ቀን ወደ አንድ ወንዝ ይሄዳሉ፤ ዘንድሮ እኔንም ጋብዘውኛል። ግብዣው እንዳስደሰተኝ አልክድም። ነገር ግን በሕይወቴ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጨብጬ አላውቅም፤ ዋና አልችልም፤ መጠጥም አልጠጣም። እነርሱ ለዓመታት የለመዱት ነገር ስለሆነ መሳቂያ እንዳልሆን፣ ጊዜያቸውንም እንዳላበላሽ እፈራለሁ። በዚያ ላይ ሒሳቡን የምንመረምርለት የአንድ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ አብሮን እንደሚሄድ ሰምቻለሁ። ሰበብ ፈልጌ ልቅር ወይስ ልሂድ? ብሄድና ባዶ እጄን ብመለስስ ምን ይሉኛል? — ጀማሪዋ ኦዲተር»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሰበብ አይፈልጉ፤ ይሂዱ። ስለ ዘንጉና ስለ ባልደረቦችዎ ሳቅ የጻፉት ጭንቀት ሁሉ መፍትሔው ቅርብ ነው። ከባዱን ነገር ግን «በዚያ ላይ» ብለው እንደ ዋዛ አልፈውታል፤ እርሱም የደንበኛችሁ የፋይናንስ ኃላፊ አብሮ መሄዱ ነው። ስለዚህ ከዓሣው በፊት እርሱን እናንሣ።

እርስዎ የሌላውን ድርጅት ሒሳብ መርምረው አስተያየት የሚሰጡ ባለሙያ ነዎት። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደረጃዎች ቦርድ ያወጣው ደንብ የኦዲት ድርጅትም ሆነ የኦዲት ቡድን አባል ከሚመረምረው ደንበኛ ስጦታም ሆነ መስተንግዶ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ከክልከላው ውጭ የሚሆነው ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነገር ብቻ ነው። በሳልመን ወንዝ ላይ ለሦስት ቀን የማጥመጃ ቦታ መከራየት፣ ወንዙን የሚያውቅ የማጥመድ መሪ መቅጠርና ማረፊያ መያዝ ደግሞ በማንም ሚዛን እዚህ ግባ የማይባል ወጪ አይደለም። ወጪውን ድርጅታችሁ ወይም እያንዳንዳችሁ የምትሸፍኑ ከሆነ፣ የዚያን ደንበኛ ሥራ በኃላፊነት የያዘው የድርጅታችሁ ሸሪክ ነገሩን አውቆ እስከፈቀደው ድረስ፣ የሰውየው አብሮ መገኘት ብቻውን ከጉዞው የሚያስቀርዎ አይመስለኝም። ከፋዩ ደንበኛው ከሆነ ግን አይሂዱ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሰበብ አይፍጠሩ፤ እውነተኛውን ምክንያት ይናገሩ።

አንዲት ጀማሪ አለቆቿን «ማን ነው የሚከፍለው?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄው ክስ ሊመስል እንደሚችል ይገባኛል። ነገሩን በሌላ በኩል ቢያመጡት ግን ማንንም አያስቀይሙም። «የእኔ ድርሻ ስንት ነው? ለማንስ ልክፈል?» ብለው ለጉዞው አስተባባሪ በጽሑፍ ይላኩ። የሚመጣልዎ መልስ ከፋዩ ማን እንደሆነ በራሱ ይገልጻል፤ በእጅዎም የተጻፈ ነገር ይቀራል። በወንዙ ዳር ሰውየው ስለ መዝገቦቹ ወሬ ከጀመረ «ይህን ቢሮ ስንገባ ብንነጋገርበት ይሻላል» ማለት ይበቃል።

በዚያው መልእክት ላይ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይጨምሩ፦ «ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ዋናም አልችልም።» ይህን ሳይናገሩ መሄድ ከሁሉም የባሰ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን የትኛውን ዘንግ እንደሚይዝና ማን በጀልባ ማን በእግር እንደሚያጠምድ የሚወሰነው ሰዎቹ ወንዙ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት ነው። ጀማሪነቱን የደበቀ ሰው አራት ሜትር ከዚያም በላይ የሚረዝም፣ በሁለት እጅ የሚወረወር ዘንግ ተሰጥቶት ፈጣን ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ «አልችልም» ማለት አስቀድሞ ከመናገር እጅግ የከበደ ነው። አስቀድሞ የተናገረ ሰው ግን ቀለል ያለ ዘንግ፣ ለመቆም የሚመች ዳርቻና የመጀመሪያውን ጠዋት አብሮት የሚያሳልፍ መሪ ያገኛል። መሳቂያ የሚሆነው አላውቅም ያለ ሰው ሳይሆን እንደሚያውቅ ሆኖ ክሩን ዛፍ ላይ የሚያንጠለጥለው ነው።

የእርስዎ እውነተኛ ችግር የአስተማሪ እጥረት ሳይሆን ብዛቱ ይመስለኛል። ለዓመታት ያጠመዱ ሰዎች ጀማሪ ሲያገኙ ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ አንዱ ዘንጉን ከፍ አድርጊ ሲል ሌላው ዝቅ አድርጊ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ መንጠቆሽን ቀይሪ ብሎ የራሱን ሳጥን ይከፍታል። ሁሉንም በአክብሮት ይስሙ፤ የሚታዘዙት ግን ለወንዙ መሪ ብቻ ይሁን። ይህ በተለይ አስተማሪው አለቃዎ ሲሆን ያስቸግራል። ሆኖም በወንዝ ላይ የመሪው ቃል ከዋና ሥራ አስኪያጅም ቃል በላይ እንደሆነ አንጋፋዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ «መሪው እንዲህ አድርጊ ብሎኛል» ቢሏቸው ቅር የሚሰኝ አይኖርም።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ፤ ጠባዩን ማወቅ ከግማሽ በላይ ፍርሃትዎን ያስወግዳልና። ሳልመን በወንዝ ይፈለፈላል፤ ወደ ባሕር ወርዶ ያድጋል፤ ዕንቁላሉን ለመጣል ደግሞ በማሽተት የትውልድ ወንዙን ለይቶ ይመለሳል። ወንዙ ውስጥ ከገባ በኋላ በባሕር ያከማቸውን ስብ እያቃጠለ ይጓዛል እንጂ መመገቡን ያቆማል። ማለትም እርስዎና ባልደረቦችዎ ሦስቱን ቀን ሙሉ የምትደክሙት የምግብ ፍላጎት የሌለውን ዓሣ አፉን እንዲከፍት ለማግባባት ነው። ታዲያ መንጠቆውን ለምን ይነክሳል? ተቆጥቶ ነው የሚሉ አሉ፤ የባሕሩ ልማድ አልለቅ ብሎት ነው የሚሉም አሉ፤ አጥማጆች ከዚህ ክርክር የወጡበት ጊዜ የለም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ከዚህ የሚከተለው ነው፦ ዕድሜውን በወንዝ ዳር የፈጀ ሰው ቀኑን ሙሉ ወርውሮ ምንም ሳይነካው ሲመለስ፣ አጠገቡ ያለችው ጀማሪ ልትይዝ ትችላለች። ይህ ሲሆን ማንም አይደነቅም።

ጨዋታው የወንዶች ነው የሚል ከመካከላቸው ቢገኝ ደግሞ ጆርጂና ባለንታይንን ያስታውሱት። በ1922 በፈረንጆች አቆጣጠር በስኮትላንድ ቴይ ወንዝ ላይ፣ አባቷ አብሯት በጀልባው ሳለ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ታግላ 29 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳልመን አውጥታለች። በብሪታንያ በዘንግ የተያዘ ሳልመን ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ የእርሷ ነው።

አወራወሩን ከጉዞው በፊት መንጠቆ በሌለው ክር በሜዳ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢለማመዱ መልካም ነው፤ ይህ ባይሆን ግን አይጨነቁ፤ ሳልመን ብዙ ጊዜ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ስለሚያርፍ ጀማሪ የምትወረውረው አጭር ክር ይበቃል። በጠዋቱ ርቀት ፍለጋ በኃይል የሚወረውር ሰው እስከ ምሳ ድረስ ትከሻውን ይጨርሳል፤ ክሩም ይተሳሰርበታል። መንጠቆ ላይ በላባና በጠጉር በሚሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ የምታጠምዱ ከሆነ እንዲያውም ጀማሪነት የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። ትራውት የተባለውን ትንሽ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰዎች ክሩ ሲነካ ወዲያው ዘንጉን ወደ ላይ መሳብ እጃቸው ለምዶታል፤ ለሳልመን ግን ይህ መንጠቆውን ከአፉ ይነጥቀዋል። ሳልመኑ ዝንቡን ይዞ እስኪዞርና ክሩ በራሱ ክብደት እስኪወጠር ድረስ ምንም አለማድረግ ነው የሚሻለው። ምንም አለማድረግን ደግሞ ልማድ ካለው ሰው ይልቅ ልማድ የሌለው ሰው በቀላሉ ይማረዋል።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ ዘንጉን ቀና አድርገው ይያዙ፤ ሲሮጥ ይልቀቁት፤ ሲያርፍ ይጠቅልሉ። በሚሮጥበት ጊዜ የክር መጠቅለያው እጀታ በኃይል ስለሚሽከረከር ጣትዎን ያርቁ። ከውኃው በላይ ሲዘል የዘንጉን ጫፍ ለአፍታ ወደ እርሱ ዝቅ ያድርጉ፤ አለዚያ የተወጠረው ክር በክብደቱ ይበጠሳል ወይም መንጠቆው ይነቀላል። መረቡን የሚይዘው መሪው ነው፤ እርሱ «አምጪ» እስኪል ድረስ ዓሣውን ወደ ዳር ለመጎተት አይቸኩሉ፤ ብዙ ሳልመን የሚያመልጠው መረቡን ካየ በኋላ ነው።

ከአወራወር ይልቅ ባልደረቦችዎ የሚያስተውሉት የወንዝ ሥነ ሥርዓትን ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ጠንክረው እንዲዘጋጁ እመክራለሁ። ሰፊ በሆኑ ወንዞች አጥማጆች ዓሣው የሚያርፍበትን ጥልቅ ክፍል በየተራ ነው የሚያጠምዱት። ከላይኛው ጫፍ ይጀመራል፤ አንድ ጊዜ ተወርውሮ ክሩ ወንዙን አቋርጦ ወደ ዳር ከደረሰ በኋላ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ታች ይወረዳል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ታችኛው ጫፍ ይደረሳል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሰልፉ መጨረሻ መመለስ ነው። ትልቁ ነውር ቀድሞ ከገባ ሰው በታች፣ ማለትም ገና ወደሚደርስበት ቦታ መግባት ነው። ሁለተኛው ነውር አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ መቆም ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይታገዳሉና። አንድ ሰው ዓሣ ሲይዝ አጠገቡ ያሉት ክራቸውን ጠቅልለው መንገድ ይለቃሉ። በፓስፊክ ዳርቻ በሚገኙ አንዳንድ ወንዞች ግን ዓሣው በብዛት በሚወጣበት ወቅት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ስለሚያጠምድ ተራው በሌላ መልክ ነው፤ በዚያ የሚጠበቅብዎ ከጎንዎ ካሉት ጋር ዜማ ጠብቀው መወርወር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ሰው ጠባይ ሊያሳስትዎ ይችላል። አለቃዎ ከኋላዎ ሲመጡ በአክብሮት «እርስዎ ይቅደሙ» ብለው ቦታዎን መልቀቅ ያምርዎት ይሆናል። አይልቀቁ። ተራው ለሁሉም እኩል ነው፤ ቦታ መለቃቀቅ ሰልፉን ያዛባል፤ ለአለቃውም ያሳፍራል። እንግዳ ናት ተብለው የመጀመሪያውን ተራ ቢሰጡዎ ደግሞ ሳይግደረደሩ አመስግነው ይግቡ።

ዋና አለመቻልዎን በተመለከተ የምለው ቀጥተኛ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳያደርጉ ጀልባ ላይ አይውጡ፤ ውኃ ውስጥም አይግቡ። ጃኬት ካልተገኘ ከደረቅ መሬት ያጥምዱ፤ ይህን ማንም ሊያስቀይርዎ አይገባም፤ አለቃዎም ቢሆኑ። እስከ ደረት የሚደርሰውን ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከለበሱ ወገቡ ላይ ቀበቶውን አጥብቀው ይሰሩ፤ ሲወድቁ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይሞላ የሚያግደው እርሱ ነው። ሲራመዱ ጎንዎን ለወራጁ ሰጥተው፣ በትር ተመርኩዘው፣ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን ሳያነሱ፣ መሬቱን እየዳሰሱ ይሂዱ። ከጉልበት በላይ መግባት አያስፈልግዎም።

ቢወድቁ በፈጣን ውኃ ውስጥ ቆሞ ለመነሣት መታገል እግርን ድንጋይ ውስጥ ሊያስይዝ ስለሚችል፣ በጀርባ ተንጋሎ እግርን ወደ ወራጁ አቅጣጫ ዘርግቶ ረጋ ወዳለው ዳርቻ መቅዘፍ ይሻላል። የሳልመን ወንዞች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ድንገት የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ ዋናው ሥራ አፍን ከውኃ በላይ አድርጎ ትንፋሽን ማረጋጋት ነው። መነጽርና ባርኔጣ ሳያደርጉ አይቁሙ፤ በነፋስ የሚመጣ መንጠቆ ዓይንን አይለይም። ከመወርወርዎ በፊትም ከኋላዎ ማን እንዳለ ይመልከቱ፤ በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ የዋና ሥራ አስኪያጅን ጆሮ ማጥመድ የሚረሳ ታሪክ አይደለም። ልብስዎ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፤ ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይይዝም።

ደብዳቤዎ ወንዙ በየት አገር እንደሚገኝ አይገልጽም፤ ሕጉ ግን ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያል። በአላስካ 16 ዓመት የሞላው የውጭ ሰው ሁሉ በስሙ የወጣ የማጥመጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ንጉሥ ሳልመን ለሚባለው ዝርያ «ማኅተም» የሚባል ተጨማሪ ፈቃድ ይጠየቃል። በወንዝ ውስጥ ከአፉ ውጭ የተጠለፈ ዓሣ ደግሞ ወዲያው ይለቀቃል። በኖርዌይ ለመንግሥት ከሚከፈለው በተጨማሪ ለወንዙ የራሱ ካርድ ይገዛል፤ ሳልመንን የሚፈጅ ጥገኛ ተውሳክ ከወንዝ ወደ ወንዝ እንዳይዛመት መሣሪያና ቦት ጫማ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታጠባሉ። በስኮትላንድ እሑድ ቀን ሳልመን በዘንግ ማጥመድ ክልክል ነው። ፈቃዱን «እኛ ጨርሰነዋል» ቢሉዎም እንኳ ስምዎ ያለበትን ወረቀት በዓይንዎ ይዩ። የተያዘው ዓሣ በሚመዘገብበት ቦታ የሌላ ሰው ዓሣ በእርስዎ ስም እንዲጻፍ የሚለምን ቢኖር ፈገግ ብለው እምቢ ይበሉ፤ ኦዲተር ነዎትና ምክንያቱን ማስረዳት አያስቸግርዎም።

ብዙ ወንዞች ላይ የተያዘው ሳልመን ተመልሶ ይለቀቃል። የዓሣው መትረፍ የሚወሰነው በሰውየው እጅ ነው፦ እጅ አስቀድሞ በውኃ ይርጠብ፤ መንጠቆው ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይነቀል፤ ለፎቶ ከውኃ የሚነሣ ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን፤ ጣትም ወደ ስንጥቡ አይግባ። ከዚያ ራሱን ወደ ወራጁ አዙረው በሁለት እጅ ደግፈው ይያዙት፤ ጉልበቱ ሲመለስ በራሱ ይሄዳል። ካሜራውን የሚይዝልዎ ሰው ዓሣው ከመነሣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። የባልደረቦችዎን ፎቶ ሳይጠይቁ አያሰራጩ፤ የደንበኛችሁ ሰው ያለበትን ደግሞ ፈጽሞ አያሰራጩ።

ስለ መጠጡ ብዙ የሚባል ነገር የለም። «አልጠጣም» ይበሉ፤ ምክንያት አይደርድሩ፤ ምክንያት ሲደረደር ነው ክርክር የሚጀመረው። ምሽት ላይ ሰዎች ስለ አመለጣቸው ዓሣ ሲያወሩ መስማት ይበቃዎታል፤ መጠየቅ የሚችል አድማጭ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተፈላጊ ነው። ደመወዝና ዕድገት በዚያ ማዕድ ላይ አያንሡ፤ ስለ ሥራዎ እነርሱ ከጠየቁ ግን ባጭሩ መልሰው ወደ ወንዙ ይመለሱ። ሌሊቱን ሙሉ መቆየት ግዴታ አይደለም፤ በሳልመን ወንዝ ላይ ማለዳ ተነሥቼ ላጠምድ ነው ብሎ የተኛን ሰው የሚወቅስ የለም።

ባዶ እጅዎን ቢመለሱ ምን ይሉዎታል? ከመካከላቸው ገሚሱ ራሳቸው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ስለሚሆኑ ብዙም የሚሉት አይኖርም። ሰኞ ሌሎች የቢሮ ሰዎች ሲጠይቁዎ «አልያዝኩም» ይበሉ፤ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ስንት ኪሎ ይሆን እንደነበር መጨመር አያስፈልግም። መሪውን በመጨረሻው ቀን በስሙ ጠርተው ያመስግኑ፤ ለእርሱ የሚዋጣ ጉርሻ ካለ ድርሻዎን ይስጡ፤ የተዋሱትንም ሱሪና ጃኬት አድርቀው ይመልሱ። ለአስተባባሪው የሚላከውን መልእክት ግን አያሳድሩት፤ ስለ ክፍያው የሚመጣው መልስ የማያስኬድ ከሆነ ቦታዎን ለሌላ ሰው ለመስጠት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።